ጅቡ ሳይደርስ አንብቡ ያሉን መምህር አንዳርጌ

መምህር አንዳርጌ ሞተዋል። እስከ ዛሬ ሳትሰሙ ቆይታችሁ ከዚህ ጽሑፍ የምትሰሙ ካላችሁ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ እኛ ቀበሌ ሲመለሱ፣ ከአስፋልቱ ወጥተው የእግር መንገዱን እንደያዙ በጥይት ተመተው ወደቁ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም የሚናገር የለም። ሰዎች ሲታኮሱ በመሐል የሚያልፈውን መንገደኛ ስሙን የሚጠይቀው የለም። እሳቸው ግን ስም ነበራቸው። የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ሌላ ዜናም ይዣለሁ፤ እሱን ሳልናገር ብቀር ደረቴ ይፈነዳል። ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤታችን ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ የአንደኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ወደ ቢሯቸው እያስገቡ አይተውት በማያውቁት ጽሑፍ አስነበቧቸው። እኔ ውጭ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላ ነበር። የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ ርዕሰ መምህሩም ተከትለውት ወጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ብርቄ፣ አንድም ልጅ አልወደቀም! ሁሉም አነበቡ እኮ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። እናቴ እንደምትለው ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን እየጮህሁ ስለሮጥሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጥቶ ነበር።

እንግዲህ እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ፣ ይህ የሐዘን ጽሑፍ አልፎ አልፎ ቢስቅ አትቀየሙኝ። እነዚያን ልጆች ያስጀመሯቸው እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ዳር ሲደርሱ ግን እሳቸው አላዩም። ያላዩትን እኔ አይቼላቸዋለሁና ዝም ማለት አልችልም።

መምህር አንዳርጌ የሽንዲ አገር ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ፊደል የቆጠሩትም በዱላ ነው። የግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ምክንያቱን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፣ ያውም እየሳቁ። አንዲት ፊደል ቢስቱ መምህራቸው በበትር ጆሯቸው ላይ አሳረፉባቸው። ደም ፈሰሰ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ዓለም ዝም አለች። «ያችን ፊደል ግን እስከ ዛሬ እስታታለሁ» ይሉ ነበር። «ዱላ ፊደል አያስተምርም። ዱላ የሚያስተምረው ማምለጥ ነው። እኔም አመለጥሁና መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ።»

ጆሯቸው ስለማይሰማ ሲናገሩ ይጮኻሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍላቸው አጠገብ ያለፈ ሰው ጠብ የተነሣ ይመስለዋል። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲመቱት የጠመኔው አቧራ ይነሣል፤ የክፍሉ ዶሮ (አዎ፣ አንዲት ዶሮ ሁልጊዜ ትገባ ነበር) በመስኮት ትወጣለች። «መምህሩ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊገድሉ ነው?» ይላል መንገደኛው። እሳቸው ግን ልጅ መትተው አያውቁም። ቁጣቸው ሁሉ ቃል ላይ ነበር። «ቃሉን አትለማመጡት! አናቱን በሉት!» ይላሉ። «ምን ታፈጥበታለህ? ሳይቀድምህ ቅደመው እንጂ!» ይላሉ። ልጆቹም በደስታ ያብዳሉ። ማታ በየቤታቸው የሳሙና መጠቅለያ ላይ የተጻፈ ነገር ሲያዩ «አናቱን በለው!» እያሉ ስለሚጮኹ እናቶች «ልጆቻችንን ሽፍታ አደረጓቸው» እያሉ ያሟቸው ነበር።

አንድ ሌላ መምህር አለንጋ ይዘው ክፍል የመግባት ልማድ ነበራቸው። መምህር አንዳርጌ አንድ ጠዋት «እስኪ ያውሱኝ» ብለው ተቀበሏቸውና ጠፍሩን በቢላ ቆርጠው ጣሉት፤ እንጨቱን ደግሞ በመስመር ላይ የሚያስኬዱት መጠቆሚያ አደረጉት። ባለ አለንጋው በጣም ተቆጡ። «ንብረቴን!» አሉ። «ሥራ አስያዝሁልዎ እንጂ ምን ነካሁት?» አሏቸው መምህር አንዳርጌ።

አሁን ስለ ንባቡ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና።

በእኛ አገር ልጅ ፊደልን የሚይዘው በዜማ ነው። ሀ ሁ ሂ ብሎ ከላይ እስከ ታች ያወርደዋል፤ ሲያወርደው ላየው ሊቅ ይመስላል። ነገር ግን መሐል ላይ አንዲት ፊደል ጠቁማችሁ «ይህች ማን ናት?» ብትሉት ከሀ ተነሥቶ መሮጥ ይጀምራል፤ እየዘመረ እየዘመረ እሷ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚያውቃት። እኔም እንዲያ ነበርሁ። ከዚያ ደግሞ መጽሐፍ ሲሰጡት ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠራል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ሲደክመው የታላቁን ልጅ ድምፅ ሰምቶ ገጹን በቃሉ ይይዝና ጣቱን እያስኬደ ያነበበ ይመስላል። ጣቱ አንድ መስመር ላይ፣ አፉ ሌላ መስመር ላይ። መምህር አንዳርጌ ይህን ሲያዩ «ሬሳ እየጎተታችሁ ነው!» ብለው ይጮኹ ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥልጠና ከተማ ሄደው፣ ትልልቅ ሰዎች በፍጥነት እንዲያነቡ የሚለማመዱበትን ዘዴ ሰምተው መጡ። አሠልጣኙ «ይህ ለሕፃናት አይሆንም» ቢሏቸው «ሕፃን ከአዋቂ አይሮጥም እንዴ?» አሏቸው። እንደመጡ ካርቶን መሰብሰብ ጀመሩ። የብስኩት፣ የሳሙና፣ የፓስታ ካርቶን በቢላ ይቆርጡና በትልልቁ አንድ አንድ ቃል ይጽፉበታል። ካርዱን ብልጭ አድርገው ያሳያሉ፤ ወዲያው ይደብቁታል። ይህን «መብረቅ» ይሉታል። ያየ ልጅ በሙሉ ድምፁ መጮኽ አለበት። ፊደል ለመቁጠር ጊዜ የለም፤ ቃሉን እንደ ሰው ፊት በአንድ ጊዜ ማወቅ ነው እንጂ። «የእናትሽን ፊት ስታዪ መጀመሪያ አፍንጫዋን፣ ከዚያ አገጯን ትቆጥሪያለሽ? ወይስ እማዬ ትያለሽ?» ይላሉ።

ሁለተኛው «ጅቡ» ነው። ጅቡ በከሰል የጠቆረ ሰፊ የካርቶን ቁራጭ ነው። ልጁ ሲያነብ ጅቡ ከኋላው እየተከተለ ያነበበውን ይሸፍናል፤ ይበላዋል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። የዘገየ ልጅ ያላነበበው ቃል ይበላበትና ክፍሉ በሙሉ «በላህ! በላህ!» እያለ ይስቅበታል። ሦስተኛው ባቄላ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሲያነብ ባቄላ በከንፈሩ ይይዛል፤ ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ባቄላው ይወድቃል። ባቄላውን ሳይጥል ገጹን የጨረሰ ይበላዋል። ጥሬ ባቄላ እንዲህ ሲወደድ አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ነገር ተሳካ አልልም። አንዳንድ ልጅ ሲሮጥ ይገምታል፤ «ጎመን» የሚለውን «ጎማ» ብሎ ያልፋል። መምህር አንዳርጌም መጀመሪያ ፊደሉን በደንብ ያልያዘ ልጅ መሮጥ እንደሌለበት ያወቁት ብዙ ልጅ ከተሳሳተባቸው በኋላ ነው። «እኔ ነኝ የሳትሁት፤ እግር ሳላወጣለት ሩጥ አልሁት» ብለው ጌትነት የሚባለውን ልጅ ለብቻው ወደ ፊደል መለሱት። ጌትነት አልቅሶ ነበር። እሳቸውም አብረውት ቁጭ አሉ።

ይህን ሁሉ ችኮላ ምን አመጣው ብትሉ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ይተኮሳል፤ ይዘጋል። ማሬ፣ ታናሽ እህቴ፣ ለትምህርት ከደረሰች ጀምሮ በሩ ክፍት ከነበረበት ጊዜ ዝግ የነበረበት ይበልጣል። መምህር አንዳርጌ በወላጅ ስብሰባ ላይ እንዲህ አሉ፦ «በሰላም አገር ልጅ ቀስ ብሎ ይማር። የእኛ ልጆች ግን ጅብ ከኋላቸው ነው። አንዴ ማንበብ ከቻሉ ማንም በር ቢዘጋባቸው አይጎዱም፤ ሳይችሉ ከተዘጋባቸው ግን እንደጨለመባቸው ይቀራሉ። ስለዚህ በሩጫ አስተምራለሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ቡሬ ዐሥረኛ ክፍል ነበርሁ። የእኛም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ገብቼ በርበሬ ስቀነጥስ መጡ። «ብርቄ፣ በርበሬ ከምትቀነጥሺ ነይ ካርቶን ቁረጪልኝ» አሉኝ። ድሮ እኔን በዚያ በዜማው አስተምረውኛል፤ «አንቺ ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ በማሬ ላስመልስ» ብለው ሳቁብኝ። እንዲህ ሆኖ ቃል ጸሐፊ ሆንሁ። ጽሑፌ ሲያጋድል «ይህ ቃል ሰክሯል» ብለው ይመልሱልኛል። ሲያምር ደግሞ «አንድ ቃል አሳምሮ የጻፈ ሰው አንድ ገጽ አይፈራም» ይሉኛል። ይኸው አልፈራሁም።

አባቴ ግን ይህን ንባብ አልወደደውም። አባዬ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። ንባብ ማለት ለእሱ ድምፅ ነው። ማሬ ቤት ውስጥ ባቄላ በከንፈሯ ይዛ መጽሐፍ ላይ ስታፈጥ ሲያያት ጊዜ ደሙ ፈላ። አንድ ቀን ስንዴ ላይ መድኃኒት ሊረጭ ከወጣበት በቀጥታ ሽመሉን ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። በሩን በእግሩ ነው የከፈተው።

«መምህር! ልጄን ተናጋሪ ያድርጓት ብዬ ብሰጥዎ ዲዳ አደረጓት!»

«ማን? ማሬን?» አሉ መምህር አንዳርጌ። «አያ ባየ፣ ይህች ልጅ የቀረውን ጆሮዬንም ልታሳጣኝ ነው እኮ!»

«ቤት አፏን አትከፍትም! መጽሐፉን ታፈጥበታለች፣ ታፈጥበታለች፣ ከዚያ ጨረስሁ ትላለች። ድምፅ የሌለው ንባብ የሌባ ንባብ ነው! ዛሬ ወይ እሷ ታነባለች፣ ወይ ይህ ሽመል ያነባል!»

ልጆቹ ከወንበር ሥር ገቡ። እኔ አባዬን አውቀዋለሁ፤ ሲል ያደርጋል። መምህር አንዳርጌ ወደ ሽመሉ ሄደው ከሽመሉ ሥር ቆሙ፤ የቀኝ ጆሯቸውን አዘንብለው። «ይምቱኝ እንግዲህ። ግራው ተይዟል፣ ቀኙ ይቀርዎታል። ከመምታትዎ በፊት ግን ልጅቱን ይፈትኗት።»

ማሬ የአማርኛውን መጽሐፍ ዝም ብላ አነበበችና የተጻፈውን ተናገረች። አባዬ «በቃሏ ነው!» አለ። «እኔም ልጅ ሆኜ አባቴን እንዲህ አታልያለሁ!»

«እንግዲያው ራስዎ የመረጡትን ይስጧት። እኔ አይቼው የማላውቀውን፣ እሷም አይታው የማታውቀውን።»

አባዬ ዙሪያውን አየ፤ ምንም አጣ። ከዚያ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና የአረም ማጥፊያውን ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማሬ ባቄላዋን በከንፈሯ ያዘች። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ዓይኗን አስሮጠችበት። ከዚያ ባቄላውን አወጣች፤ ከጠረጴዛው ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ምን ይላል?» አላት አባዬ።

«መርዝ ነው ይላል። ከልጆች አርቁት ይላል።» ቀና ብላ አየችው። «አባዬ፣ ታዲያ ለምን ለእኔ ሰጠኸኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባዬ ግን አልሳቀም። ያ ጠርሙስ ስንት ጊዜ ማሬና እኔ ከምንተኛበት መደብ ሥር እንደተቀመጠ እያሰበ ነበር መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሽመሉን በሩ ላይ ረስቶት ወጣ። ማታ ጠርሙሱን ከግቢው ውጭ ሲያስቀምጥ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሬ ዝም ብላ ስታነብ አባዬ ከብቶቹን ሳይቀር ዝም ያሰኛል።

የምፈራውን ቀን አሁን ልጻፍ። ጠዋት ነበር። ልጆቹ ጅቡን እየሸሹ ሲጮኹ ከባሕር ዛፎቹ በኩል ተኩስ ተነሣ። መጀመሪያ ሩቅ መስሎን ነበር። ከዚያ ቆርቆሮው ድንገት እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ጥይት ጣሪያውን በስቶ ገብቶ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ያለውን ጭቃ አፈረሰው። «ተኙ!» አሉ መምህር አንዳርጌ። ሁላችንም በሆዳችን ወደቅን። አፌ አፈር ሞላ። ልጆቹ እንደ ግልገል ይንጫጫሉ፤ አንዷ እላዬ ላይ ሸናች። ውጭ አንድ ሰው «ውሃ! ውሃ!» እያለ ይጮህ ነበር። ከዚያ ውሃ ማለት አቆመ።

እሳቸው በሆዳቸው እየተሳቡ የካርዱን ከረጢት ይዘው መጡ። በክርናቸው መሬት ላይ ተደግፈው አንድ ካርድ ብልጭ አደረጉ።

«ተኝቶ ማንበብ አይቻልም ያለ ማነው?»

ደግመው ብልጭ አደረጉት። ማሬ ከአፈሩ ላይ ቀና ብላ በቀጭን ድምፅ «ጎጆ» አለች። «አልሰማሁም! ደንቆሮ ነኝ!» «ጎጆ!» አሉ ሌሎቹም። ጌትነት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። ወደ እሱ ተሳቡ። «አልቅስ፣ ልጄ። ማልቀስ ተፈቅዷል። ዓይን መጨፈን ግን ክልክል ነው።» እሱም ዓይኑን ከፈተ። ጥይቱ እየጮኸ እኛም እየጮህን፣ እሱ ሲበረታ እኛም ስንበረታ፣ ከረጢቱ ሊያልቅ ደረሰ።

ተኩሱ ሲቆም ልጆቹን ወደየቤታቸው ማድረስ ነበረብን። በሩ ላይ ስደርስ ግን ከአጥሩ ሥር ያን ውሃ ሲል የነበረውን ሰው አየሁት። ወጣት ነው። እዚህ አልገልጸውም። ሌላ መውጫ የለም፤ ልጆቹ በአጠገቡ ማለፍ አለባቸው። መምህር አንዳርጌ ኮታቸውን አውልቀው ፊቱን ሸፈኑት፤ ደሙ ግን ብዙ ነበር፤ ኮት አይበቃውም። ተመልሰው መጡና «ልጆች፣ ዛሬ እየሄድን ነው የምናነብ። ዓይን ከካርዱ ላይ ይነሣና ጅቡ ይበላችኋል!» አሉ። እሳቸው ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ካርዱን ፊታቸው ላይ ከፍ አድርገው ብልጭ እያደረጉ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ካርዱን ብቻ እያዩ «ወንዝ! ማረሻ! ሰማይ!» እያሉ በሬሳው አጠገብ አለፉ። አንድም ልጅ ወደዚያ አልዞረም። እሳቸው አጥሩን ሲያልፉ እግራቸው ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊወድቁ ነበር። ካርዱን ግን አላወረዱትም። የመጨረሻው ልጅ ከእኛ ከተለየ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እሳቸው ግን አልተዘጉም። አባዬ የእህል ማኖሪያችንን ጠርጎ ሰጣቸው፤ ያው ሽመል የያዘው አባዬ። እዚያ ማሽላና በቆሎ መሐል ልጆቹ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ደረሱ። ለዓረፍተ ነገር ትልቅ ካርቶን ያስፈልጋል፤ የነበረን አለቀ። ፍኖተ ሰላም የሚያውቋቸው ነጋዴዎች ባዶ ካርቶን ያስቀምጡላቸው ነበር። መንገዱ ጥሩ እንዳልሆነ ሰው ሁሉ ነገራቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉም ለመኗቸው። «ልጆቹ እኮ ቃል ጨርሰዋል» አሉ። «የተራበ ልጅ እያለኝ እንዴት ቁጭ ልበል?»

በቃሬዛ ሲያመጧቸው ካርቶኖቹ ከጀርባቸው ላይ በገመድ እንደታሰሩ ነበሩ። ጥይቱ በካርቶኖቹ አልፎ ነው የገባው።

ቀብራቸው እሑድ ሆነ። ከሽንዲ ታላቅ ወንድማቸው አያ ምትኩ ጠመንጃቸውን ይዘው መጡ። ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ እየተንጎራደዱ ፎከሩ። ገዳዩን እንደሚያገኙት፣ ሳያገኙት ጠጉራቸውን እንደማይላጩ ማሉ። ከዚያ እንደ ወጉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገው ተኮሱ።

ልጆቹ በሙሉ ወደቁ። ከለቀስተኛው መሐል፣ ከእናቶቻቸው ጎን፣ አንድ ላይ በሆዳቸው መሬት ላይ ተዘረጉ። ማንም አላዘዛቸውም። እናቶች ልጆቹ የተመቱ መስሏቸው ጮኹ። አያ ምትኩ ደንግጠው ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ፤ ዙሪያውን ሲያዩ እኔ ላይ ዓይናቸው አረፈ። የካርዱን ከረጢት እንደ ሕፃን አቅፌ ቆሜ ነበር።

«ምንድን ነው የያዝሽ?»

«የጋሼ ካርዶች ናቸው።»

«ካርቶን!» አሉ። «ወንድሜን የገደለው ይህ ካርቶን ነው! ለዚህ ቆሻሻ ነው የሞተው! አምጭው፣ ላቃጥለው!»

ከረጢቱን ያዙ፤ እኔም አልለቅም አልሁ። ጎተቱ፤ ጎተትሁ። በጥፊ መቱኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀና ደም ጥርሴ ላይ ገባ። አሁንም አልለቀቅሁም። አባዬ «ኧረ ሴት ልጅ ናት!» እያለ ሲሮጥ ከረጢቱ በመሐላችን ተቀደደ። አያ ምትኩ በእጃቸው የቀረውን እፍኝ ሙሉ ካርድ ወደ ላይ በተኑት።

ካርዶቹ ተገለባብጠው ሲወርዱ፣ መሬት ላይ ከተዘረጉት ልጆች አንዱ «ሰማይ!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ «ማረሻ!» አለች። «ጎጆ!» «ቀበሮ!» «ዝናብ!» እያንዳንዱ ካርድ ብልጭ ሲል ይጮኻሉ፤ እንዲያ ነዋ የለመዱት። አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች። ቀብር ላይ እንደዚያ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው አልነበረም። እኔ ከንፈሬን ይዤ፣ ጌትነት ከሁሉም በላይ ሲጮህ ሰማሁት።

አያ ምትኩ አንድ ካርድ ከእግራቸው ሥር አንሥተው ትኩር ብለው አዩት። ማሬ በሆዷ እንደተኛች ቀና ብላ «አያ፣ ገልብጠው ነው የያዙት» አለቻቸው።

ገለበጡት። «አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው። ግን ብልጭ ነው የሚደረግ፤ እንዲህ አይቆይም።»

ያ ግዙፍ ሰው መቃብሩ አፋፍ ላይ ተንበረከኩ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ከጭቃው እየለቀሙ በኩታቸው ጠረጓቸው፤ ሁሉንም ለቅመው እስኪጨርሱ ሬሳው ጠበቃቸው። ለእኔ ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም። «ከንፈርሽን ታጠቢ፣ እህቴ» ብቻ አሉኝ። መሐላቸውን ስለማንሣታቸው የማውቀው የለም፤ የሰው ልብ አላነብም። ወደ ሽንዲ ግን አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት የእህል ቤታችን በር ላይ ይቀመጡና ማሬ የምታሳያቸውን ፊደል ይጠራሉ። ሲሳሳቱ ትስቅባቸዋለች። እሳቸውም ደግመው ይጠሩታል።

እኔም ከዚያ ማግስት ጀምሮ በእነዚያ ካርቶኖች ላይ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ። ጥይቱ የበሳውን ቦታ ዘልዬ ነበር የምጽፈው። ልጆቹ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ጋሼ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገር። ጌትነት አለፈ። እንዲያውም ርዕሰ መምህሩ «ቀስ በል እንጂ!» ብለውታል፤ ቢሰሙት ጠረጴዛውን ይሰብሩት ነበር። ማሬ ባቄላ ሰልችቷት አሁን ሽንብራ ይሰጠኝ ትላለች። ዶሮዋም አለች፤ የእኔ ድምፅ ግን አላስፈራትም፤ እማራለሁ። ብዙ ሰው «ለምን ሄዱ?» እያለ ይወቅስዎታል። እኔ አልወቅስዎትም። ቢቀሩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢቀሩ ግን እርስዎ አይሆኑም ነበር። እኔን ቃል አጻፉኝ፤ ይኸው የመጀመሪያውን ሙሉ ገጼን ስለ እርስዎ ጻፍሁት፤ ሰክሮ ከሆነ ምነው በመለሱልኝ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። በሚያርፉበት ቦታ የሚተኩስ አይኑር፤ በሁለቱም ጆሮዎ ይስሙ።

ለእናንተ ደግሞ ከእትዬ ሙሉ መልእክት አለኝ። የአርባ ቀን ተዝካራቸው በቤታቸው ነው፤ የሚያውቃቸው ሁሉ እንዲመጣ አደራ ብላለች። እንዳለችው ቃል በቃል ላስተላልፍ፦ «የሚበላም የሚጠጣም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ፊት እነሱ ይቀመጣሉ። ጠመንጃ ግን ከደጄ አይለፍ። ለክብሩ ብሎ የሚተኩስ ካለ ከቤቱ ይቅር። እነዚህ ልጆች አንድ ቀን እንኳ ቆመው ያንብቡለት።»